የኔትወርክ ውድድር ይብቃን

በስልክ የጥያቄና መልስ ውድድር ገብታችሁ ገጹ ሳይከፈት ሰዓቱ አልቆባችሁ ያውቃል? ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች፣ ካሁትን ጨምሮ፣ ፈጥኖ ለመለሰ ብዙ ነጥብ ይሰጣሉ። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ጥያቄው ከማዕከል ሲላክ ከሆነ ግን ኔትወርክ የከዳው ልጅ መልሱን እያወቀ ይሸነፋል። ይሄ የጭንቅላት ውድድር አይባልም።

ለእንጅባራና ለዳንግላ ልጆች የሚሆን ቀላል የውድድር ገጽ መሥራት ይቻላል። መተግበሪያ ማውረድ ሳያስፈልግ በስልክ ብሮውዘር ይከፈት፤ ጥያቄዎቹ አንዴ ከወረዱ በኋላ ያለ ዳታ ይሥራ፤ ሰዓቱንም ስልኩ ራሱ ይቁጠር። «ታዲያ ማጭበርበር አይመጣም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ይመጣል። ስለዚህ ሽልማት ያለው ውድድር አዳራሽ ውስጥ ይሁን። እዚያ አንድ ላፕቶፕና አንድ የዋይፋይ ራውተር ይበቃል፤ ኢንተርኔት ጭራሽ አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ያየ ሰው ይህን ቅንጦት አይለውም።

ገጹ እንደየአካባቢው የሚስተካከል ይሁን ስል ቀለም መቀየር ማለቴ አይደለም። መልሱ «ፀሐይ» ቢሆን፣ «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ልጅ ተሳስቷል? በፀ እና በጸ፣ በሀ፣ በሐ እና በኀ ብቻ ቃሉ በ6 መንገድ ይጻፋል፤ ንባቡ ያው ነው። በፈረንጅኛ የተሠራ ሲስተም 5ቱን ስህተት ይላቸዋል። የኛው ግን ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ መቁጠር አለበት። አዊኛም እንደ ትርጉም ጥግ ላይ ሳይጣል ከአማርኛ እኩል ይግባበት። ነጥቡስ ለምን በቁጥር ብቻ ይሆናል? እንቆቅልሽ ላይ ያልቻለ ሰው አገር ይሰጣል። «አገር ልስጥ» የሚል ቁልፍ ይኑረው፤ አሸናፊው ስንት አገር እንደያዘ ይታይ።

ወጪው ያን ያህል አያስፈራም። ዶምጀጅና ሲቲኤፍዲ የተባሉት የውድድር ሶፍትዌሮች ኮዳቸው ክፍት ነው፤ አሠራራቸውን አይቶ ቀለል ያለውን መሥራት ይቻላል። የሚጎድለው ሥራውን የሚይዝ ሰው ነው። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች ይህን የመመረቂያ ፕሮጀክት ቢያደርጉት፣ ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ አይጠጣም፤ በሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ቤት ልጆች ይወዳደሩበታል።