ብር ከሰማይ ሲወርድ

እናላችሁ፣ ሰሞኑን የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ሆኗል፤ «ይቺን ብር የት ላድርጋት?» ፍቅር እንኳ ወደ ኋላ ቀርቷል። ድሮ «ትቶኝ ሄደ፣ ምን ይሻለኛል?» ነበር የሚባለው። አሁን ጥሎን የሚሄደው ብሩ ሆነ መሰለኝ!

አይፈረድባችሁም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የዶላር ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባንክ ያለ 100,000 ብር ድሮ 1,750 ዶላር ያህል ነበር፤ በ110 ብር ሒሳብ 900 ገደማ ሆነ። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር አልተነካም፣ ሌባም አልገባም። ከዚያ በፊትስ ቢሆን? በ2014 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሲሆን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር።

ከደብዳቤዎቹ አንዷን ግን ኪሴ ውስጥ ይዣት ሰነበትኩ። ጸሐፊዋ የ28 ዓመት ወጣት ናት። ተወልዳ ያደገችው ላሊበላ፣ የምትሠራው አዲስ አበባ። 400,000 ብር አጠራቅማለች። ወንድሟ አስጎብኚ ነበር፤ እንግዳ ከጠፋበት ወዲህ እቤት ውሏል። የእናታቸውን ቤት ሸጠው፣ የእሷን ብር ጨምረው፣ የቀረውን ከባንክ ተበድረው ባለ ስምንት ክፍል ፔንሲዮን ሊሠሩ አስበዋል። እናት «እናንተ ካላችሁ» ብለዋል። «ያዋጣል ወይ?» ትለኛለች።

ላሊበላን እኔም በገንዘቤ አውቃታለሁ። ከጓደኞቼ ጋር እዚያ አንዲት አነስተኛ ሆቴል ውስጥ ድርሻ አለኝ። 11ዱ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል፤ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል? በደህናው ጊዜ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ላየ ሰው፣ ብር ከሰማይ የሚወርድ ይመስላል። ጣጣውም እሱ ነው፤ ከሰማይ ነዋ የሚወርደው! በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና ሰማዩ ተዘጋ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ያዙ። ኅዳር 2014 ላይ ነፃ ወጣች ሲባል እንደገና ተያዘች፤ ታኅሣሥ ላይ ተለቀቀች። ትንሽ ትንፋሽ ሲገኝ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል ውጊያ ተነሣ፣ በረራውም ተቋረጠ። አራት ዓመት ሳይሞላ ይህ ሁሉ!

ክፍሉ ባዶ ቢሆንም ዘበኛው ይበላል፤ የባንክ ወለድ ደግሞ ሌሊትም አይተኛ። ተበድሮ የሠራና በራሱ ብር የሠራ ሰው የተለያዩት ያኔ ነው። ባለ ዕዳው እንቅልፍ አጣ። ያልተበደረው በሩን ዘግቶ ጓሮው ላይ ጎመን ተከለ። እኛ ከጎመኖቹ ወገን ነበርን።

የማውቀው ሌላ ሰው ደግሞ፣ ሁሉም ሆቴል ሆቴል ሲል ወፍጮ ተከለ። ብዙ ተሳቀበት። በጦርነቱ መብራት ሲጠፋ ወፍጮውም ቆመ፣ እሱም ተቸገረ። መብራት በመጣ ማግስት ግን ደጁ ላይ ሰልፍ ነበር። ቱሪስት እንዲህ በማግስቱ አይመጣም።

የላስታንስ ገበሬ አይታችሁታል? ማሳው ቁርጥራጭ ነው፤ ደጋው ላይ ገብስ፣ ታች ወርዶ ጤፍና ማሽላ። በልግ ከሰጠው በበልግ ያመርታል፣ ካልሰጠው ክረምቱን ይጠብቃል። ጥቂት በግ፣ ጓሮ ውስጥ ደግሞ ቀፎ። ኢንቨስተር ማለት እሱ ነው ብል ትስቁብኝ ይሆናል። እሱ ግን 1977ን ያየ ነውና «አይነካኝም» ብሎ አይፎክርም።

አክሲዮንስ? የምትሉ አላችሁ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር ብሎ ሲሸጥ 47,377 ሰው ገዝቷል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ወጋገን ባንክን አስቀድሞ መዝግቦ ሥራ ጀመረ። መልካም ነው፤ ለትርፍራፊ ብር። አክሲዮን ግን ሠርግ ሲመጣ ገበያ አውጥተው የሚሸጡት በግ አይደለም።

ላሊበላ ስሄድ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ መቆም እወዳለሁ። ከላይ ወደ ታች ነው የተፈለፈለው፣ 12 ሜትር ያህል። ጠራቢው የማይነካውን ድንጋይ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት፤ አንዴ ከተቆረጠ መልሶ አይለጠፍማ። ስለ ገንዘብ ሳስብ «ስንት አተርፋለሁ?» ከማለቴ በፊት «የማይነካው የቱ ነው?» የምለው እዚያ ቆሜ ከለመድኩት ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ የእናትሽን ቤት አትንኩ። «እናንተ ካላችሁ» ፈቃድ እንዳይመስልሽ፤ ልጆቿን ማስቀየም የማትፈልግ እናት የምትለው ነው። ፔንሲዮኑ ቢከስር አንቺ ደመወዝ አለሽ፤ እሳቸው በስተርጅና የት ይግቡ? ብድሩንም ተዪው። የስድስት ወር ቀለብና የቤት ኪራይሽን ባንክ አስቀምጪ፤ ቢሟሟም ለክፉ ቀን ነው። ከቀረው ላይ እዚያው ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ሥሩ። ለልደት ምዕመን ያድርበታል፣ ቱሪስት ከመጣ ቱሪስት፣ ከጠፋ ደግሞ አስተማሪ ወይም ነርስ ይከራየዋል። ስምንቱን ክፍል ግን ማን ይሞላዋል?

አንድ ነገር ገርሞኛል። ደብዳቤሽ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ክፍሎቹ ያወራል፤ ወንድምሽ ምን መሥራት እንደሚፈልግ ግን አንድ መስመር የለውም። ዛሬውኑ ደውይለትና «ሁለት ዓመት እንግዳ ባይመጣ እዚያ ግቢ ምን ትሠራለህ?» በይው። ከዚያ ስልኩን ለእናታችሁ ያቀብልልሽ፤ እሳቸውን እስካሁን ማንም አልጠየቃቸውም።