መንገዱ ተሠራ፤ አገልግሎቱስ?



ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አዳማ፣ ሞጆ ወይም ቢሾፍቱ መናኸሪያ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ስለ ትራንስፖርት ችግር ነጋሪ አያስፈልገውም። ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ የሐኪም ቀጠሮ ያለው ሕመምተኛና ዕቃ ለማምጣት መርካቶ የሚሄደው ነጋዴ በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። መኪናው መቼ እንደሚመጣ የሚነግራቸው የለም። ሲመጣም የተለጠፈው ታሪፍና ረዳቱ የሚጠይቀው ሂሳብ አይገናኙም። የበዓል ዋዜማ ከሆነ ደግሞ ዋጋው በተሳፋሪው ጭንቀት ልክ ይወጣል። ትርፍ አትጫን ብሎ የተናገረ «ካልተመቸህ ውረድ» ይባላል።

ይህን ሁሉ በሾፌርና በረዳት ክፋት ብቻ ማሳበብ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ባለንብረቱ የጎማ፣ የነዳጅ፣ የመለዋወጫና የባንክ ዕዳ አለበት። ገቢው ከተሳፋሪ ኪስ ብቻ ስለሆነ ወንበሩ ሳይሞላ ቢነሳ ይከስራል፤ ስለዚህ እስኪሞላ ይቆማል። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ይሻማል፣ ሰው በሚያንስበት ሰዓት ይጠፋል። በሰዓቱ ተነስቶ በሰዓቱ እንዲደርስ የሚከፍለው ማንም የለም። የችግሩ ሥር ይህ ነው።

መንግሥት ለመንገድ ገንዘብ አላወጣም አንልም። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ልማት ፕሮግራሙ ሲጀመር ከ26 ሺህ ኪ.ሜ. ብዙም ያልበለጠው የአገሪቱ የመንገድ መረብ ከ100 ሺህ ኪ.ሜ. በላይ ሆኗል። የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት ይሰጣል። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀምሯል፤ ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ክፍሉ ድርብ ሐዲድ ነው። እነዚህን የከፈልነውና የምንከፍለው እኛው ነን፤ የብድሩም ዕዳ የልጆቻችን ነው።

ነገር ግን የቢሾፍቱ ሠራተኛ ጠዋት በዚያ ሐዲድ ሄዶ ማታ በዚያው ይመለሳል ወይ? አይመለስም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር ጣቢያዎቹ በከተሞቹ እምብርት ነበሩ። የአዲሱ ጣቢያዎች ከመሐል ከተማ ርቀው ተሠሩ፤ ባቡሩም በዋናነት የጭነትና የረጅም ጉዞ ሆነ። ለዕለት ተመላላሹ ሐዲዱ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖበታል።

ከአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም የምንማረው አለ። በ475 ሚሊዮን ዶላር፣ በአብዛኛው በቻይና ብድር፣ 34 ኪ.ሜ. ያህል ሐዲድ ተዘርግቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። መግዣው ታስቦ ነበር፤ ማንቀሳቀሻውና መጠገኛው ግን አልታሰበም። ሪባን መቁረጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ አገልግሎት መስጠት ግን የየዕለት ሥራ ነው።

«መንግሥት ለትራንስፖርት ይደጉማል» የሚል መልስ ይሰጠናል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ በሒደት እንዲነሳና ለሕዝብ ማመላለሻ ተለይቶ እንዲሰጥ መደረጉን እናውቃለን። ድጎማው ግን የተሰላው በሊትር እንጂ በአገልግሎት አልነበረም። ነዳጁን በቅናሽ የቀዳ ሁሉ በሰዓቱ እንዲነሳ፣ ትርፍ እንዳይጭን፣ ማታም እንዲሠራ የሚያስገድድ ውል አልነበረበትም። የሕዝብ ገንዘብ ወጣ፤ ሕዝቡ ግን በምላሹ ያገኘውን ለይቶ ማየት አልቻለም።

ሕጉስ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ዜጎች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ዜጎች ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። ትራንስፖርት በስም አልተጠቀሰም፤ ነገር ግን ሐኪም ቤትም ሆነ ትምህርት ቤት መድረሻ ለሌለው ሰው የጤናና የትምህርት መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ፓርቲያችን ሥልጣን ቢይዝ የሚከተሉትን ይፈጽማል።

1. የአገልግሎት ውል። ተመላላሽ በሚበዛባቸው አጎራባች ከተሞች መካከል፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ - አዳማ፣ በሐዋሳ - ሻሸመኔ፣ በደሴ - ኮምቦልቻ፣ የመነሻ ሰዓቱ የተለጠፈ፣ ወንበር ባይሞላም የሚነሳ አውቶቡስ ይኖራል። የግል ማኅበራትም ሆኑ የመንግሥት ድርጅቶች በግልጽ ጨረታ ይወዳደራሉ። ክፍያው በተፈጸመ ጉዞ ልክ ይሆናል፤ ጉዞ ያስቀረ ወይም ትርፍ የጫነ ይቀጣል።

2. የተመላላሽ ባቡር። በሰበታ - አዳማ ድርብ ሐዲድ ላይ የጠዋትና የማታ የመንገደኛ ባቡር ለማስጀመር ጥናት እናስደርጋለን፤ ውጤቱንም ለሕዝብ እናሳትማለን። ጣቢያዎቹን ከመሐል ከተማ ጋር የሚያገናኙ አውቶቡሶች የጥናቱ አካል ይሆናሉ።

3. የማያቋርጥ የገቢ ምንጭ። በ1989 ዓ.ም. መንገድ ፈንድ ሲቋቋም ለመንገድ ጥገና ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ በአዋጅ ተለየ። መንገዱ ፈንድ ካለው ተሳፋሪውም ሊኖረው ይገባል። የጥገናውን ገንዘብ ሳንነካ የሕዝብ ትራንስፖርት ፈንድ በሕግ እናቋቁማለን፤ የመለዋወጫና የጥገና ወጪም አስቀድሞ ይያዝለታል።

4. የተሳፋሪ ቁጥጥር። የየከተማው ተሳፋሪዎች የመረጧቸው ተወካዮች በፈንዱ ቦርድ ድምፅ ይኖራቸዋል። ውሎቹና የኦዲት ሪፖርቶቹ በየመናኸሪያው ይለጠፋሉ።

«የሕዝብ አውቶቡስ ያከስራል» የሚሉን አሉ። መንገድስ መቼ አትርፎ ያውቃል? ትምህርት ቤትስ? ኪሳራውን መቁጠር ካለብን ሠራተኛው በሰልፍ የሚያጠፋውን ሰዓት፣ ነጋዴው የሚያጣውን ገበያ፣ ትርፍ በጫነ መኪና የሚጠፋውን ሕይወትም አብረን እንቁጠር። ይህ ዛሬም ይከፈላል፤ ልዩነቱ የሚከፍለው አቅም የሌለው ሰው ብቻ መሆኑ ነው።

በአንድ ዓመት ሁሉን እናደርሳለን ብለን አንዋሽም። ተሳፋሪ ከሚበዛባቸው መስመሮች እንጀምራለን፤ የገንዘቡን ልክ እያየን እናሰፋለን። በመንገድ ላይ ስለሚያጋጥመው የጸጥታ ችግር ያለን አቋም በሰላም ምዕራፋችን ተብራርቷል።

ውድ መራጮች፤ ዕጩዎች ለቅስቀሳ ወደ ከተማችሁ ሲመጡ ስንት ኪ.ሜ. መንገድ እንደሚሠሩ ብቻ አትጠይቋቸው። የመጀመሪያው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ይነሳል? የመጨረሻውስ? ሳይነሳ ቢቀር ተጠያቂው ማነው? ብላችሁ ጠይቁ። የእኛን ዕጩዎችም እንዲሁ ጠይቁ። መልሱን አመዛዝናችሁ ድምፃችሁን ስጡ።

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ