ወዳጃችንን አትንኩብን

ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝና በዚህ ጉዳይ ለስላሳ ቃል አትጠብቁብኝ። ወሎን «ሃይማኖት የቀላቀለ» እያላችሁ የምትሰብኩ ሁሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም ወገን ያላችሁ፣ እጃችሁን ከወዳጃችን ላይ አንሱ!

ወዳጃ ምን እንደሆነ ላላየ ልንገር። ሰው ሲታመም፣ ዝናብ ሲጠፋ፣ ልጅ ስደት ሲወጣ ጎረቤት ይጠራል። ቤቱ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ቡናው ይፈላል። ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ ቤቱ በሙሉ ይቀበላል። በሩ አጠገብ ነጠላዋን አጣፍታ የተቀመጠችው ክርስቲያን ጎረቤትም ማተቧ ካንገቷ ሳይወርድ «አሜን» ትላለች፤ የታመመው የእሷም ሰው ነዋ። ማንም አልሰለመም፣ ማንም አልተጠመቀም።

ግራ የተጋባን መስሏችሁ ከሆነ ሰርጋችንን ኑና እዩ። ሁለት ሰንጋ ይጣላል፤ አንዱ በ«ቢስሚላህ»፣ ሌላው በ«በስመ አብ» ይታረዳል። ቢላዋው ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ። ደጋሿ ሙስሊም ከሆነች የክርስቲያኑን ወጥ የምትይዝላት ክርስቲያን ጎረቤቷ ናት፤ የጾም ቀን ከሆነም ሽሮው አይረሳም። ሥጋውን እንኳ ያልቀላቀለ ሕዝብ እምነቱን ቀላቀለ ትሉታላችሁ?

ይህን አብሮነት ደግሞ ሹመኛ አልሰጠንም። የሹመኛውን አዋጅማ እናውቀዋለን! በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ ሙስሊሙን ተጠመቅ አሉት፤ የወሎው ገዥ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ እምቢ ያለው ሸሸ፣ ሼህ ጦልሃን የመሰለውም አምጾ ተዋጋ። ያን መከራ የቀመሰ ሕዝብ ነው ተመልሶ አንድ ረከቦት ዙሪያ የተቀመጠው።

እናንተስ? በየሆቴሉ አዳራሽ ለካሜራ ተቃቅፋችሁ፣ መግለጫ አንብባችሁ፣ ምሳ በልታችሁ ትለያያላችሁ። በ2012 ሞጣ ላይ መስጊድ ሲቃጠል፣ በ2014 ጎንደር ላይ ለቀብር የወጣ ሰው ሲገደል፣ በዚያው ሰሞን ወራቤ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲነድ መግለጫችሁ የቱን በር ጠበቀ? አንዳችሁ የሌላውን ጸሎት ቁጭ ብላችሁ ሰምታችሁ አታውቁም፤ እኛ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተን አድገናል። ጉባኤ ካማራችሁ አባጋሮቻችንን ጠይቁ፤ ደም የተቃባን ሰው እንዴት እንደሚያስታርቁ እነሱ ያሳዩአችኋል።

ልጆቻችንን ግን «እዚያ ቤት አትግቡ» ብላችሁ ያስተማራችሁ ቀን፣ ሰባኪም ሁኑ ኡስታዝ፣ እኔን ከባላንጣችሁ ቁጠሩኝ።