ኮከብ ሲሰቀል ቅርስ፣ ጣሳ ሲሰቀል ነውር

ወገን፣ ጀርመን የሄደ ሰው ሁሉ ሙኒክ አዳራሽ ውስጥ የተነሳውን ፎቶ ይለጥፋል። እኔ የምመክረው ከቼክ ድንበር ብዙም የማትርቀውን ቪንዲሽኤሸንባኽን ነው። እዚያ "ዞይግል" የሚባል ቢራ አለ። ጠማቂዎቹ ቤተሰቦች ናቸው። ማፍያው የጋራ ነው፣ በእንጨት ይነዳል። የፈላውን የብቅል ውሃ ሁሉም ወደየቤቱ ወስዶ ምድር ቤት ያብላላዋል። ተራው የደረሰ ቤት ደጁ ላይ ባለስድስት ጫፍ ኮከብ በእንጨት ይሰቅላል። ገብቶ ከማያውቁት ሰው ጋር ጠረጴዛ መጋራት ነው።

ምን አስታወሳችሁ? እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ!

የእኛ ሰው ግን እዚያ ኮከቡን ፎቶ አንስቶ፣ አገሩ ሲገባ ጣሳውን አይቶ አፍንጫውን ይይዛል። ብቅሉ ያው ብቅል ነው። መራራውን እነሱ ከሆፕ ያገኙታል፣ እኛ ከጌሾ። (ጋኑን በወይራ የምታጥነውም የእኛዋ ናት!)

"ንጽሕናውስ?" የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ልክ ነው፤ የሚጠየቀው ሰው ነው የተሳሳተው። ጀርመኑ ከእናቶቻችን በልጦ አይደለም፤ ውሃው በቧንቧ ይመጣለታል፣ ማፍያውንም እየከፈለ በጋራ ይጠቀማል። የእኛዋ እንኩሮ ስታገነፋ ጭስ ዓይኗን እየበላው ልጆች ታሳድጋለች። ሰፈሯ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ስትወጣ ጋኗን የት ታስቀምጠው?

መንግሥት በደሌንና ሐረርን በ2011 እ.ኤ.አ. ለሄኒከን ሲሸጥ ጨረታ አውጥቶ፣ ተደራድሮ ነው። ለጠላ ጠማቂዎች አንድ የጋራ ማጀት፣ ውሃና ፈቃድ መስጠት ለወረዳ ይህን ያህል ከባድ ነው?