የተማሪው ውጤት የአመራሩም ውጤት ነው



እንደሚታወቀው ሁሉ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ሠፈራችን ኀዘን የገባበት ቤት ይመስላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም ለምደነዋል። የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ይጠራል፤ ተማሪው ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል ይባላል፤ ወላጁ ልጁን አይከታተልም ይባላል፤ መምህሩም ድርሻውን ይወቀሳል። ጥፋቱ ለሁሉም ሲታደል ለአመራሩ ብቻ ሳይደርሰው ይቀራል። እኛ ግን ተማሪ ሲወድቅ አብሮ የሚጠየቅ ኃላፊ ሊኖር ይገባል እንላለን።

እስቲ ቁጥሩን እንመልከት። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በመላ አገሪቱ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 ከመቶ፣ ከ2015ቱ 3.2 ከመቶ፣ ከ2016ቱ 5.4 ከመቶ፣ ከ2017ቱ 8.4 ከመቶ ናቸው። ከ2015ቱ ከ845,000 በላይ ተፈታኞች መካከል ያለፉት 27,267 ብቻ ሲሆኑ፣ አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። መሻሻል አለ፤ አንክድም። ሆኖም በ2017ም ቢሆን ከ12 ተፈታኞች ያለፈው አንድ ያህል ነው።

ልጆቹ በ2014 በአንድ ሌሊት አልደነቆሩም። ቁጥጥሩ ሲጠብቅ የተገለጠው ቀድሞም የነበረው ገመና ነው። በ2002 ዓ.ም. በተደረገ የንባብ ጥናት፣ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ሦስተኛው እጅ ያህል ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ታዲያ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው ከክፍል ክፍል እያለፉ 12ኛ ደጃፍ የደረሱት። ማን አሳለፋቸው? በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ዘመን፣ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጅ በተከታታይ ምዘና እየታገዘ እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። በብዙ ቦታ ምዘናው ተረሳና ማለፉ ብቻ ቀረ። ይህን ማየት የነበረበት ደግሞ ተማሪው ሳይሆን ኃላፊው ነው።

የወረዳችን ሪፖርት ስንት ልጅ ተመዘገበ፣ ስንት ስብሰባ ተካሄደ፣ ስንት ሜትር አጥር ታጠረ ይላል። ስንቱ ልጅ አንብቦ ተረዳ ግን አይልም። የጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር ክፍል ገብቶ መምህሩን ማገዝ ሲገባው ቅጽ ሲያስሞላ ይውላል። ኃላፊውም ወንበሩ ሳይሞቅ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወርና፣ አዲሱ ሲጠየቅ «እኔ ገና መምጣቴ ነው» ይላል። እንዲህ ከሆነ ተጠያቂው ማን ይሁን?

ይህን ስንል ወላጅ ነጻ ነው ማለታችን አይደለም። ልጁን የማይጠይቅ ወላጅ በመካከላችን አለ። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. የ«ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ሲመጣ ነዋሪው እንደ አቅሙ ገንዘብም ጉልበትም ሰጥቷል። መዋጮ ሲፈለግ ባለቤት የተባለ ወላጅ ሂሳብ ሲጠይቅ ባይተዋር ሊሆን አይገባም። መምህሩም ቢሆን ደመወዙ ወር አላደርስ ብሎት፣ በታጨቀ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚታገል ሰው ነው።

ታላላቆቻችን እንደሚያስታውሱት፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስንት ሰው እንደተመዘገበ፣ ስንቱ ተፈትኖ እንዳለፈ በየዙሩ ይቆጠር ነበር። የዚያን ዘመን ሥርዓት ለማወደስ አይደለም። የተማረውን መቁጠር ለዚህ አገር እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ለማስታወስ ያህል ነው።

ስለዚህ ከወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

1ኛ/ በየዓመቱ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በ6ኛ፣ በ8ኛና በ12ኛ ክፍል ስንት ልጅ እንደተፈተነና ስንቱ እንዳለፈ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

2ኛ/ በየትኛው ትምህርት መምህር እንደጎደለ፣ አንድን መጽሐፍ ስንት ልጅ እንደሚጋራው፣ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንዳለ አብሮ ይጻፍ። በአገራችን ለረጅም ጊዜ የተቀመጠው መለኪያ በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ነውና ከዚያ ጋር እናስተያየዋለን።

3ኛ/ ኃላፊው በዓመት ሁለት ጊዜ ራሱ ወላጆች ፊት ቀርቦ ይጠየቅ፤ ተወካይ አይላክብን።

4ኛ/ ርዕሰ መምህር በችሎታው ይመረጥ፤ ሥራው ሳይገመገም ከቦታ ቦታ አይዛወር።

በጀት የለም ይባል ይሆናል። መጽሐፍ ማሳተም፣ ክፍል መሥራት ገንዘብ እንደሚጠይቅ አናጣውም። ቁጥርን ለሕዝብ መንገር ግን ከአንድ ወረቀትና ከአራት ስፒል በላይ ወጪ የለውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ያልተነገረውን ጉድለት የሚደጉም በጀትም አይገኝም።

ዓሣ ግማቱ ከወደ ጭንቅላቱ ይላሉ አበው። ሕክምናውም ከዚያው ይጀምር። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችን እነዚህን አራት ጥያቄዎች በማኅበሩ ስም ለማቅረብ ስለታሰበ፣ ልጅ ያላችሁም የሌላችሁም በሰዓቱ ተገኝታችሁ ድምፃችሁን እንድትሰጡ እናሳስባለን። የጎረቤት ልጅ መውደቅ የሠፈሩ ሁሉ መውደቅ ነውና!

የማኅበሩ የትምህርት ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ