ሕፃኑ ሲከተብ እናቲቱም ትጠየቅ



እኛ ዊንጌት አካባቢ አራስ ጥየቃ አልቀረም። ገንፎው ይቀርባል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። እናቲቱ ግን እንቅልፍ አጥታ፣ ሆድ ብሷት፣ ልጇን ማቀፍ ሲከብዳት «አራስ ናት፣ ያልፍላታል» ተብሎ ይታለፋል። በርትቶም ከመጣ ወደ ጠበል ትላካለች። ጠበሉን አልቃወምም፤ ሕክምናውም ይታከልበት ነው የምለው።

ጉዳዩ የእሷ ብቻ አይደለም፤ የልጇም ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እናቶች ልጆቻቸውን እያዩ ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸው ላይ ምንም ስሜት እንዳያሳዩ አደረገ። ሕፃናቱ ፈገግ እያሉ፣ እጃቸውን እየዘረጉ እናታቸውን ለመመለስ ሞከሩ፤ ሲያቅታቸው ተረበሹ፣ ፊታቸውንም አዞሩ። ከወሊድ በኋላ እናትን የሚይዛት ድባቴ ደግሞ የደቂቃ ሳይሆን የወራት ሊሆን ይችላል። ሕፃን መደሰትንና መረጋጋትን የሚለምደው ከሚያቅፈው ሰው በመሆኑ፣ ጉዳቱ እሱም ዘንድ ይደርሳል። ይህን የምለው እናትን ለመውቀስ አይደለም። አባትና አያት ሲያግዙ፣ እናቲቱም ስትታከም ልጁ ይጠቀማል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ብዙዋ እናት ለልጇ የ45 ቀን ክትባት ጤና ጣቢያ ትመጣለች። ልጁ ተመዝኖ ሲከተብ እሷም ሁለት ጥያቄ ትጠየቅ፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልብሽ ሲከፋው ሰነበተ? ደስ ይልሽ የነበረውስ ነገር አስጠላሽ?»

«ሐኪሙ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። በገጠር ፓኪስታን እንደኛ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሴቶች ሠልጥነው በድባቴ የተያዙ ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን እየጎበኙ አማከሩ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) በታተመው ውጤት መሠረት፣ ልጆቹ ስድስት ወር ሲሞላቸው ድባቴው ያልለቀቃቸው ከተማከሩት እናቶች 23 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ያን ምክር ካላገኙት ግን 53 በመቶ። ጠና ላለባት እናት ደግሞ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገባችን ነው፣ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው።

ስለዚህ የክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት ሁለቱን ጥያቄዎች ከክትባቱ ጋር እንዲያስጀምር እጠይቃለሁ። አራስ የምትጠይቁ አንባቢዎችም ልጁን ካያችሁ በኋላ እናቲቱን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» በሏት፤ መልሷንም ቁጭ ብላችሁ ስሟት።

ከጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ዊንጌት
አንድ አንባቢያችሁ