ፈተናና የአፍ ቍስል

ተማሪን ማስጨነቅ ትጋቱን ይጨምራል የሚሉ መምህራን ጥቂቶች አይደሉም፤ እኛ ግን በዚህ አሳብ አንስማማም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ ምርመራ ታትሞ ወጥቷል። 11 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ፈቅደው፤ ስፋቱ 3.5 ሚሊሜትር የሆነ ቍስል በላንቃቸው ላይ ሁለት ጊዜ ተደረገባቸው፤ አንደኛው በዕረፍት ወራት፤ ሁለተኛው ከፈተና 3 ቀን አስቀድሞ ነው። ላንቃን ለዕውቀት መስጠት ቀላል ነገር አይደለም! የፈተናው ቍስል ለመዳን በአማካይ 3 ቀን ያህል ዘገየ፤ በፈተናው ሰሞን እንደ ዕረፍቱ ጊዜ ፈጥኖ የዳነለት አንድ ተማሪ እንኳ አልተገኘም። 11 ሰው ጥቂት ነው ቢባል እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ወደ አንድ ወገን ማዘንበላቸው ችላ የሚባል አይደለም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፤ የፈተና ወራት ሲቃረብ ተማሪውን እንቅልፉንና መፋቂያውን የሚያስረሳውን ዛቻ እንድትቀንሱ እንለምናለን። ድዱ የሚደማ ወይም አፉ የቈሰለ ልጅ ቢገኝም፤ ፈተናው እስኪያልፍ ታገሥ ከማለት ይልቅ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ቍስሉ የሚዘገየው በዚያው ሰሞን ነውና።